ቁርጥማት በወሎ ጎዳና

«ቁርጥማት» ከ«ቆረጠመ» የወጣ ቃል ነው። ጥርስ ቆሎ እንደሚቆረጥም ሁሉ ይህ ሕመም አጥንት ይቆረጥማል ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ራጅ አላዩም፤ ስሙ ግን ራጅ ከሚያሳየው ጋር ይገጥማል። ሕመሙ ለዓመታት በቆየበት ሰው የእጅ ራጅ ላይ፣ በጣቶቹ መገጣጠሚያ ጠርዝ፣ አይጥ እንደነካካው ቂጣ የተሸራረፈ አጥንት ይታያል። ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ ይሉታል። የሰውነት መከላከያ ኃይል ጠላቱን ትቶ በራሱ መገጣጠሚያዎች ላይ ሲነሣ የሚመጣ ብግነት ነው። ከወንድ ይልቅ ሴትን፣ ያውም በሥራ ዕድሜዋ ላይ ያለችን ሴት ያጠቃል።

ስሙ ይህን ያህል ቢያይም ድክመት አለው። በእርጅና ያለቀ ጉልበትም ቁርጥማት ይባላል። በእግር አውራ ጣት ላይ ሌሊት የሚነሣው ሪህም እንዲሁ፣ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ልጅን ይዞ ልቡን የሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳትም እንዲሁ። «ሪህ» ራሱ ዐረብኛ ለለመደ የየጁ ጆሮ ነፋስን ያስታውሳል፤ ነፋስን ደግሞ ገብቶ ይወጣል እንጂ አጥንት ይበላል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ሁሉም በአንድ ከረጢት ሲገባ የሚጠፋው ጊዜ ነው። ያለቀ ጉልበት ዛሬ ታየ፣ ከርሞ ታየ፣ ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ሩማቶይድ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ካልተያዘ የወሰደውን አይመልስም። የአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያ መገጣጠሚያው ያበጠበት ሰው በ6 ሳምንት ውስጥ በልዩ ሐኪም እንዲታይ፣ በ3 ወር ውስጥ ዋናውን መድኃኒት እንዲጀምር ይመክራል። ከወልዲያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ቀበሌዎች ሆኖ ይህን መመሪያ የሚያነብ ሰው ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።

አንድ ጠዋት እናስብ። በሀብሩ ቆላ አንዲት የአርባ ዓመት ሴት ለሱብሂ ተነሥታ፣ ለውዱእ የጀሪካኑን ክዳን ልትፈታ ትሞክራለች። ጣቷ አይታዘዝም። ልጇን ትጠራለች፣ ይከፍትላታል፣ ነገሩ ያልፋል። ክርስቲያን ጎረቤቷ ላይ ቢሆን ያው ነገር አክንባሎ ሲነሣ ይታይ ነበር። ፀሐይ ወጥታ ወደ አራት ሰዓት ሲቃረብ እጇ ይፍታታል፤ ማሽላውንም ታስፈጫለች፣ ውሃውንም ትቀዳለች። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ ካርድ አውጥታ፣ ተራ ጠብቃ ባለሙያው ፊት ስትቀርብ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ያኔ እጇን ብትዘረጋ ብዙ የሚታይ የለም። ሕመሙ የጠዋት ነው፣ ምርመራው የቀትር። ለዚህ መተላለፍ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «እናቴ፣ ጠዋት ሲነሡ እጅዎ የሚፍታታው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ያለቀ መገጣጠሚያ ከግማሽ ሰዓት በታች ይለቃል። ብግነት ያለበት አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ከዚያም በላይ ይይዛል።

ጥያቄውን የሚጠይቅ እስኪገኝ ድረስ ግን መንገዱ ረጅም ነው። መጀመሪያ «ብርድ ነው» ይባላል፤ ጋቢ፣ ፌጦ፣ የምድጃ ሙቀት። ቀጥሎ ወጌሻ ያሻል፤ ያበጠን መገጣጠሚያ አጥብቆ ማሸት ደግሞ ያብሳል እንጂ አይረዳም። ከዚያ እንደየእምነቱ ፀበል ወይም ዱዓ አለ። ከዚያ ፋርማሲ ገብቶ የዳይክሎፌናክ መርፌ መወጋት ይመጣል። ሕመሙ ያን ዕለት ጸጥ ስለሚል «አገኘሁት» ይባላል፤ ከወራት በኋላ የሚቀረው የተቃጠለ ጨጓራ ነው።

ጤና ተቋም የደረሰችውም ብትሆን ሌላ ወረፋ ይጠብቃታል። ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ሲነገር እጅ የሚሄደው ወደ ታይፎይድና ታይፈስ ምርመራ ነው። አገራችን ውስጥ ይህ ምርመራ «አዎ» ያላለው ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ስለዚህ አንድ ዙር ፀረ ተሕዋስያን ይታዘዛል። ካልሻላት የጉሮሮ ባክቴሪያ ምልክት የሆነው የደም ምርመራ ይሠራል፤ እሱም ከፍ ብሎ ከተገኘ «የልብ ቁርጥማት ነው» ተብሎ የወር የፔኒሲሊን መርፌ ይጀመራል። ጤና ባለሙያውን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። የሩማቲክ የልብ ሕመም በኢትዮጵያ ብዙ ልጆችን የሚቀጥፍ በሽታ ስለሆነ እሱን ማሰቡ ትክክል ነው። ሀብሩ በምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ የምታይ ወረዳ ናት፤ ጥሬ ወተት በሚጠጣበት አካባቢ ብሩሴሎሲስንም ማሰብ ትክክል ነው። ስሕተቱ የአርባ ዓመቷን ሴት እንደ አሥር ዓመት ልጅ ቆጥሮ ለዓመታት መውጋቱ ላይ ነው።

ፍልውሃንም አልረሳሁም። ወደ ደሴና ኮምቦልቻ የሚወርድ የወሎ ሰው ሐርቡ ፍልውሃን ያውቃል። በዚህ የሚስቅ ሰው ዋና ከተማው እንዴት እንደተቆረቆረች ይጠይቅ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱና የምኒልክ ቤተ መንግሥት ሰዎች ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ወርደው ሲታጠቡ ነው ስፍራው የተወደደው፤ አዲስ አበባ የተወለደችው ከሙቅ ውሃ አጠገብ ነው። ሙቅ ውሃ የደረቀ እጅን ያፍታታል፣ ሕመም ያስታግሳል፤ ይህ እውነት ነው። አጥንቱ መበላቱን ግን አያቆምም። የወሎ ሰው በሺህ ዓመት ልምዱ ያገኘው ማስታገሻውን ነው። የማስቆሚያው ታሪክ ደግሞ ለማንም አገር ቢሆን የትናንት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1800 ፓሪስ ውስጥ ላንድሬ ቦቬ የተባለ ወጣት ሐኪም ሳልፔትሪየር ሆስፒታል ያገኛቸውን ዘጠኝ ሴቶች መዝግቦ፣ ይህ ሕመም የሀብታም ወንዶች ከሚባለው ሪህ የተለየ መሆኑን ጻፈ። ታማሚዎቹ ድኾች ነበሩ፣ ሴቶች ነበሩ፣ ከጣት ጀምሮ ብዙ መገጣጠሚያቸው ያበጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1859 እንግሊዛዊው አልፍሬድ ጋሮድ ዛሬ የምንጠራበትን ስም አወጣለት። ስም ከወጣለት በኋላ ግን ለሰባት አሥርት ዓመታት ያህል የረባ መድኃኒት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳዊው ፎሬስቲዬ የወርቅ መርፌ ሞከረ። ስዊድናዊቷ ናና ስቫርትዝ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ሰልፋሳላዚንን አመጣች።

ያኔ ወሎ ምን ላይ ነበረች? ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማው ውስጥ ነበሩ። አድቬንቲስት ሚስዮናውያን ያቋቋሙት የአሜሪካኖች ሆስፒታልም ከተመቱት አንዱ ነበር። ዘመናዊ ሕክምና ለወሎ ሰው ገና መግቢያው ላይ ነበር፣ እሱም በቦምብ ተቀበለው። ጣሊያን ከዚያ የሠራው መንገድ ከደሴ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በውርጌሳና በመርሳ አድርጎ ወልዲያ ይገባል። ለጦር የተቀደደ ጎዳና ዛሬ ሪፈር የተጻፈላቸው ሰዎች የሚመላለሱበት ነው። (ውጫሌ ላይ ሚኒባስ ሲቆም፣ ከጣሊያን ጋር በአንድ አንቀጽ ትርጉም የተጣላንበት ውል የተፈረመበት ስፍራ መሆኑን ማሰብ አይቀርም፤ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲሸከም ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ ጎዳና በላይ የሚያውቅ የለም።)

መስከረም 11 ቀን 1941 ዓ.ም. በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ አንዲት የ29 ዓመት ሴት በጊዜው ገና ስም ያልወጣለት የአድሬናል እጢ ንጥረ ነገር ተወጋች፤ ኋላ ኮርቲዞን ተባለ። ከአልጋ መነሣት ተስኗት የነበረችው ሴት በቀናት ውስጥ ተራመደች። ሐኪሟ ፊሊፕ ሄንች ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. የ1950ን የኖቤል ሽልማት ወሰደ። ሄንች ወደዚያ የደረሰው በትዝብት ነው፤ ቁርጥማት ያለባቸው ሴቶች ሲያረግዙ፣ ወይም የወፍ በሽታ ሲይዛቸው፣ መገጣጠሚያቸው ለጊዜው እንደሚድን አስተውሎ ነበር። ይህን ትዝብት የየጁ አዋላጅም ልታስተውለው ትችል ነበር። የመድኃኒቱ ደስታ ግን አልዘለቀም፤ በብዛት የወሰዱት ሰዎች ፊታቸው አበጠ፣ አጥንታቸው ሳሳ፣ ስኳራቸው ወጣ። ዛሬም ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ገዝታ የምትውጥ ሴት «ወፈረችና ዳነች» ስትባል ብዙ ጊዜ የምናየው ያንኑ እብጠት ነው።

እዚህ ላይ ነው የወሎ ታሪክ የሚያስደንቀኝ። ይህን ሕመም የሚያስቆሙት መሣሪያዎች አብዛኞቹ ወደ ወሎ ገብተው ነበር፤ የገቡት ግን በሌላ በሽታ ስም ነው።

ክሎሮኪንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኢትዮጵያ የወባ መከላከል ሙከራ ስትጀምር ከተመረጡት ጥቂት ስፍራዎች አንዱ የቆቦ ጨርጨር ሜዳ ነበር፤ ከወልዲያ ወደ ሰሜን ተሻግሮ። በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 መግቢያ ላይ የተነሣው ወረርሽኝ በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይዞ ወደ 150 ሺህ እንደ ገደለ ይነገራል፤ በ1951 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ክሎሮኪን ከዚያ ወዲህ የቆላ ቤት ሁሉ የሚያውቀው መራራ ክኒን ሆነ። በዚያው አሥር ዓመት ግን በሌላው ዓለም ሐኪሞች የወባ መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች የቆዳና የመገጣጠሚያ ብግነታቸው እንደሚቀልላቸው አስተዋሉ፤ የክሎሮኪን የቅርብ ዘመድ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የቁርጥማት መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወሬ ሲናፈስ ዓለም ይህን ክኒን ተሻምቶ፣ ለመገጣጠሚያቸው በየቀኑ የሚወስዱት ታማሚዎች ባዶ እጃቸውን ቀርተው ነበር።

ሁለተኛው መሣሪያና ትልቁ ትምህርት ከደሴ በላይ ቦሩ ሜዳ ነው። አፄ ዮሐንስና ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ በኋላ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ሆነ። ከሰሜን ወሎ ሳይቀር በእግራቸው የሚመጡ ሰዎች ጣታቸው የታጠፈ፣ እግራቸው የቆሰለ ነበር። ሥጋ ደዌ ነርቭን፣ ሩማቶይድ መገጣጠሚያን ይጎዳል፤ መንገዳቸው ለየብቻ ነው። ዘግይቶ ሲደርስ ግን ሁለቱም የሚተዉት የጎበጠ እጅ ነው፣ የጎበጠውን እጅ የሚያይ ጎረቤትም ብዙ ጊዜ አይለያቸውም። ቁርጥማት የያዛት ሴት እጇን በነጠላዋ የምትሸፍነው ስለ ሕመሙ ብቻ አይደለም።

የሥጋ ደዌ ሕክምና ይህን መዘግየት እንዴት ቀነሰው? ሆስፒታል በማብዛት አልነበረም። በየወረዳው ያለውን የጤና ረዳት ሁለት ነገር አስተማሩት፦ ቆዳ ላይ ያለውን ነጣ ያለ ምልክት በጥጥ መንካት፣ ክርን ጀርባ ያለውን ነርቭ በጣት መዳሰስ። እ.ኤ.አ. ከ1982 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ያጸደቀው የጥምር መድኃኒት በወር በወር እየተሰጠ ሕመሙን ገታው። ነርቭ ሲያብጥ ደግሞ ፕሬድኒሶሎን፣ ያ የሄንች መድኃኒት ልጅ፣ ተጨመረ። ከሁሉ በላይ መዘግየቱን ቆጠሩት። አዲስ ታማሚ ሲመዘገብ እጅና እግሩ ምን ያህል እንደተጎዳ ከ0 እስከ 2 በደረጃ ይጻፋል፤ 2 የተጻፈላቸው ከበዙ ወረዳው ታማሚዎቹን ዘግይቶ እያገኛቸው ነው ማለት ነው። ተጠያቂ የሚያደርግ ቁጥር ነው። ለቁርጥማት እንዲህ ያለ ዓምድ በመዝገባችን የለም።

ሦስተኛው መሣሪያ ሜቶትሬክሴት ነው። የካንሰር መድኃኒት ሆኖ ተወልዶ፣ በትንሽ መጠን በሳምንት አንድ ጊዜ ሲወሰድ የሩማቶይድን ብግነት እንደሚያበርድ ታወቀና እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ለዚሁ ተፈቀደ። ውድ የሆኑት አዳዲስ መርፌዎች ከአሥር ዓመት በኋላ መጡ፤ እነሱን ለአሁኑ እንተዋቸው፣ የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳን የመቀስቀስ ጠባይ ስላላቸው ለእኛ አገር ብርቱ ጥንቃቄ ይሻሉ። ሜቶትሬክሴት ግን ርካሽና አሮጌ ነው፤ ለብዙ ታማሚ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለዚህ ሕመም ተጽፏል። ጉበትንና የደም ሕዋሳትን በየጊዜው መመርመር፣ ፎሊክ አሲድ መጨመር፣ ከእርግዝናና ከአረቄ መራቅ ይጠይቃል፤ ይህ ሁሉ በአንድ አጠቃላይ ሆስፒታል የሚቻል ነው።

ታዲያ ምን ይዞን ነው? የመገጣጠሚያ ልዩ ሐኪሞች በአገሪቱ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ያሉትም በአብዛኛው አዲስ አበባ። ከወልዲያ እስከ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል 500 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ግን የልዩ ሐኪም እጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንግሊዝ ነገሩን በፈታችው ነበር፤ የአገሪቱ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ሲመረምር ታማሚዎች ልዩ ሐኪም ዘንድ ከመላካቸው በፊት በአማካይ 4 ጊዜ የሰፈር ሐኪማቸው ደጅ ሲመላለሱ አገኛቸው። ልዩ ሐኪሙ እዚያው ከተማ ውስጥ እያለ! ሕመሙ ሳይታወቅ የሚያልፈው መጀመሪያ በሚነካው እጅ ላይ ነው፤ የእንግሊዝ የሰፈር ሐኪም በመርሳ ያው የጤና መኮንኑ ነው። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና መኮንን ያሠለጠነችው ሐኪም በሌለበት ሐኪም ሆኖ እንዲያስብ ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ ሴቶቹ ጎረቤታቸው ማለዳ ክዳን መፍታት እንዳቃታት የሚያዩበት ሰዓት ላይ ነው የሚደርሱት።

ገንዘቡም ቢሆን መንገድ ተጀምሮለታል። የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የሐይቋ ተሁለደሬ ነበረች፤ ከመርሳ ብዙም አትርቅም። የመድኑ ደብተር ካርድና ምርመራ ይሸፍናል። ታማሚው የሚሰበረው መድኃኒቱ ከተቋሙ መደርደሪያ ሲጠፋ ነው፤ «ከውጭ ግዙ» ሲባል ደብተሩ ወረቀት ይሆናል። ማስታገሻ ሲያልቅ ይጮሃል፤ ሜቶትሬክሴት ሲያልቅ የሚጮህ የለም፣ ምክንያቱም የሚጠብቀው ሰው ገና ስሙ አልወጣለትም።

በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነት ተጨመረ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያና አካባቢዋ በትሕነግ ኃይሎች እጅ ሲቆዩ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፤ የላቦራቶሪ ዕቃ ተወሰደ ወይም ተሰበረ። በ2015 ክረምት በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ፤ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። የሳምንት ክኒን ለሚወስድ ሰው የተዘጋ መንገድ የተቋረጠ መድኃኒት ነው፤ የተቋረጠ መድኃኒት ደግሞ ያገረሸ እብጠት። ለዚህም ነው ሁሉን ነገር በአዲስ አበባ ሪፈር ላይ መስቀል የማይሆነው። ምርመራው መርሳ ላይ ተጠርጥሮ፣ ወልዲያ ላይ በውስጥ ደዌ ሐኪም ተረጋግጦ፣ መድኃኒቱ እዚያው ቢጀመር፣ የአዲስ አበባው ልዩ ሐኪም ለከበደው ብቻ በስልክ ቢጠየቅ ይሻላል። ስለ ደም ምርመራውም አንድ ነገር ልበል። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ምርመራ ከታማሚዎቹ መካከል ጥቂት በማይባሉት ላይ፣ በተለይ በመጀመሪያው ጊዜ፣ «የለም» ይላል። ውጤቱ «የለም» ስላለ ያበጠች ሴት «ደህና ነሽ» ተብላ ስትመለስ ላቦራቶሪ ያልተበላሸበት ከተማም ያው ስሕተት ይሠራል።

የሚበልጠው ምርመራ ሰላምታ ነው። እኛ አገር እጁ እርጥብ ወይም ሊጥ የነካው ሰው ለሰላምታ ክንዱን ይሰጣል። ቁርጥማት የያዛት ሴት እጇ ደረቅም ሆኖ ክንዷን ትሰጣለች። ከሐኪሞች የጣት ምርመራ ጋር ልዩነቱ ትንሽ ነው፦ የአራቱን ጣቶች ሥር አንድ ላይ በቀስታ መጨበጥ። ካመማት፣ እብጠቱ በሁለቱም እጅ ከሆነ፣ የጠዋቱ ድርቀት ከአንድ ሰዓት ከረዘመና ነገሩ 6 ሳምንት ካለፈው፣ ማስታገሻ ሰጥቶ መሸኘት አይገባም። ካርዷ ላይ እብጠቱ የጀመረበት ወር ይጻፍ፤ ጥምቀት ሰሞን ነው፣ ረመዳን ላይ ነው፣ እህል ስናጭድ ነው ብትልም እንዳለችው ይጻፍ። ዋናው መድኃኒት የተጀመረበት ቀን አጠገቡ ይጻፍ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ለወረዳው የቦሩ ሜዳው ደረጃ 2 ይሆንለታል።

መድኃኒቱ ሲጀመር የቀረ አንድ አደጋ አለ። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚወሰደው፤ እንደ ሌላው ክኒን በየቀኑ የወሰደው ሰው መቅኒው ሊደርቅና ሊሞት ይችላል። ማንበብ ለማትችል ሴት «በሳምንት አንዴ» ብሎ መጻፍ ምንም አይፈይድም። ቀን የሌለው መመሪያ ይረሳል፤ የገበያ ቀን ግን በወልዲያም በመርሳም የሚረሳ ሰው የለም። ፋርማሲስቱ «ክኒኑን ከገበያ ስትመለሺ ማታ ዋጪው፣ በሌላ ቀን አትንኪው» ብሎ፣ ፖስታው ላይ የዘንቢል ሥዕል ቢሥልላት በቂ ነው።